ክረምት ላይ ጥርት ያለ እይታ የት ይገኛል?

እህቴ፣ «ክረምት ላይ ልጆቼን ይዤ ሩቅ የሚያሳይ ከፍታ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ። ከድሬ ዳዋና ከሐረር አካባቢ የቱ ይሻላል? ደመናው አይሸፍነውም ወይ?» ብለሽ ነበር። አብዛኛው ሰው በጋን ጠብቂ ብሎሻል። እኔ አልስማማም። እኛ ጋ ጥርት ያለ እይታ የሚገኘው ክረምት ላይ ነው፤ ሰዓቱን ካወቅሽበት።

በጋ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ልክ ነው። ግን አቧራው! ከድሬ ወደ ሐረር ከሚወስደው አቀበት፣ ከደንገጎ፣ ቁልቁል ስታዪ ድሬ ከሜዳው ጋር ተደባልቃ ትጠፋብሻለች። ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ ግን አየሩ ይታጠባል፤ መሬቱም ስለረጠበ ንፋስ ቢነሳም አቧራ የለም። ስለዚህ ሌሊት ቆርቆሮው ሲንጫጫ ከሰማሽ፣ ጠዋት በጊዜ ውጪ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው። ረፋዱ ላይ ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር ተራራውን ይዞ ሽቅብ ይወጣና ይቀዘቅዛል፤ ደመና የሚሆነው ያኔ ነው። ከሰዓት ከሄድሽ አቦ፣ ከፊትሽ ያለውን መኪና ማየትም ያስቸግርሻል።

ለልጆች ከሆነ ምርጫዬ ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ነው። ከተማዋ ራሷ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አቀበቱ ብዙ አያደክምም። ከላይ ወደ ሰሜን ስትዞሪ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጀጎል በሙሉ ፊትሽ ናት፣ የጠዋቷ ፀሐይ ደግሞ በቀኝሽ። ውስጡ ስትሄጂ መንገዱ አያልቅም፤ ጠቅላላው 48 ሄክታር ብቻ መሆኑ የሚገባሽ ግን እዚህ ነው። ያልደረቀው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል፣ ከየግቢው የቁርስ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ልጆቹ መጀመሪያ የጃሚ መስጊድን ሁለት ሚናራዎች ይፈልጉ፣ ከዚያ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለውን የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን። በስተምሥራቅ የኤረር ሸለቆ አለ። አየሩ በጣም ከጠራ በሰሜን ምሥራቅ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው ቁንዱዶም ይታያል። የዱር ፈረስ ያለበት ተራራ መሆኑን ንገሪያቸው፣ ከዚያ በኋላ እንሂድ የሚል ልጅ አይኖርም። ላይ የወሊዩ የአው ሐኪም መቃብር ስላለ ጩኸት አያብዙ። ደግሞ ሳይነጋ አትውጡ፣ አካባቢው ጅብ አያጣም።

ደንገጎ ሌላ ነገር ነው፤ እይታው ሰፊ፣ መቆሚያው ግን መጥፎ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያንን ቁልቁለት ከላይ ስታዪው ባቡሩ ሐረር ሳይወጣ ለምን ታች እንደቀረ፣ ድሬም በ1895 ዓ.ም. ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች ማንም ሳያስረዳሽ ይገባሻል። ኩርባ ላይ ግን በፍጹም መኪና አታቁሚ፤ ከባድ መኪናው ብዙ ነው። ሹራብም ያዢላቸው። የድሬ ሰው በሽርጥና በነጠላ ጫማ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ማየት የተለመደ ነው።

ስትመለሱ ድሬ ደረቅ ብትሆንም ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው አታቋርጡ፣ በድልድዩ ሂዱ። ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ታች ሳያስታውቅ ነው የሚደርሰው። የ1998 ዓ.ም. የድሬ ጎርፍም የመጣው ክረምት ላይ፣ ሌሊት ነው።