ሁለት ላብራቶሪ፣ ሁለት ውጤት፦ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው። ወገቤን ያመኛል፣ ቶሎ ይደክመኛል። የደም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ (የደም ፕሮቲኖችን ለያይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ታዘዘልኝ። አንዱ ላብራቶሪ በካፒላሪ ሠርቶ «ትንሽ ያልተለመደ ፕሮቲን አለ» አለኝ። ሌላው በጄል ሠርቶ «ምንም የለም» አለ። የትኛው ነው ትክክል? ለወገቤ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ መውሰድ ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ዘዴው ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ካንሰር ይዞኝ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። በዚህ ወረቀት ብቻ እንዲያ ማለት አይቻልም። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 3 ያህሉ ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮቲን ይገኛል። ወደ ካንሰር የሚለወጠው ይህ ፕሮቲን ካለባቸው 100 ሰዎች በዓመት በአንዱ ገደማ ነው። አብዛኞቹ በክትትል ብቻ ይኖራሉ።

ሁለቱም ላብራቶሪዎች ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ይሆናል። በጄል ፕሮቲኖቹ በኤሌክትሪክ ይለያዩና በቀለም ይታያሉ፤ መጠኑ ትንሽ ከሆነ መስመሩ ደብዝዞ ሊያመልጥ ይችላል። ካፒላሪው በቀጭን ቱቦ አሳልፎ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይለካል። ብዙ ጊዜ ትንሹንም ይይዛል። ግን ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለው መድኃኒት ደም ውስጥ ካለ፣ የሌለውን ፕሮቲን ያለ ሊያስመስለው ይችላል። በዚያ ሰሞን ሲቲ ስካን ተነስተው ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሁለቱን ክርክር የሚፈታው ኢሚውኖፊክሴሽን የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ፕሮቲኑ በእርግጥ መኖሩንና ዓይነቱን ይለያል። ክትትል ከተጀመረ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ይሠራ። አለዚያ ቁጥሩ ጨመረ ቀነሰ ማለት ትርጉም የለውም።

እኔን ያስጨነቀኝ ወገብዎ ነው።

4 ወር ሙሉ ዲክሎፌናክ! ማን አዘዘልዎት? ይህ መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል። ያልተለመደው ፕሮቲን የማልቲፕል ማየሎማ (የመቅኒ ካንሰር) ከሆነ እሱም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሁለቱን ደርቦ መሸከም አደገኛ ነው። ዲክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደማም ይችላል። ድካምዎ ከደም ማነስ ከሆነ፣ ማነሱ ከጨጓራው ይሁን ከመቅኒው መለየት ይቸግረናል። ሕመሙ ሲደበዝዝ የተሻለዎት ይመስልዎታል፤ መንስኤው ግን እዚያው ነው። ዛሬውኑ ያቁሙት። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፣ እሱን አይተኩበት። ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ፓራሲታሞል በልኩ ይውሰዱ።

አይደንግጡ፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከዲስክ ነው የሚመጣው። ግን ተኝተውም የማይተው፣ ከሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚብስ ከሆነ አጥንቱ መታየት አለበት። እግርዎ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠዎት፣ ነገ አይበሉ። ቀጠሮም አይጠብቁ። አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጥቂት ሰዓት የዘገየ እግር ተመልሶ ላይራመድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከሌለብዎትም በዚህ ሳምንት ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ሄሞግሎቢን (ለደም ማነስ)፣ ክሪያቲኒን (ለኩላሊት)፣ ካልሲየም፣ ኢሚውኖፊክሴሽንና የአከርካሪ ምስል እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። የዲክሎፌናኩንም ነገር አይደብቁ።