ሞተሩ ይሻላል ወይስ ቦዲው?

ዳትሰን 240ዜድ (የድሮ የጃፓን ስፖርት መኪና) ልትገዛ ከሆነ ቦዲው ጤነኛ የሆነውን ውሰድ፣ ሞተሩ ባይነሳም። አንዱ ሞተሩ ሸጋ ሆኖ ወለሉ የዛገ፣ ሌላው ቦዲው ንጹህ ሆኖ የማይነሳ ከሆነ ብዙ አታስብ። ባለ 6 ሲሊንደሩ 2.4 ሊትር ሞተር ቀላል ነው፤ ፈትቶ ማደስ ይቻላል። የተበላ ላሜራ ግን ቆርጦ መበየድ ነው። ገንዘብህን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ከመክፈልህ በፊት ባትሪውን አንስተህ ከሥሩ እይ። ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉን፣ በክሪክ አስነስተህ ደግሞ የሻንሲውን ብረት በካቻቪቴ ጫን ጫን አድርግ። ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የታችኛውን ክፍል በማግኔት ሞክር። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

«ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?» ላልከው፣ እኔ የምወደው ሁለቱን ካርቦራተሮች (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን) ራሴ ማስተካከል መቻሌን ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ረጅሙ ኮፈንማ አይወራም! እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 3,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያኔ የገዛ ታድሏል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ካጋጠመህ ተጠራጠር። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት ዝገት መደበቂያ ነው። ሻጩ በካቻቪቴ መንካት ከከለከለህ ትተኸው ሂድ።