ወደ ከረን ይሄድ የነበረው ባቡር ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አባቴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኤርትራ ውስጥ በውትድርና ሲያገለግሉ ከአሥመራ ከረን በባቡር ይመላለሱ እንደነበር ያወጉን ነበር። የአሥመራና የምጽዋ መስመር ታድሶ ሥራ መጀመሩን ሰምቻለሁ፤ የከረን ጣቢያ ግን ለምን ተዘግቶ ቀረ? ታሪኩን ብትገልጹልን። (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የኤርትራ የነጻነት ጦርነት መስመሩን ቢዘጋውም ድክመቱ ግን ከጥንስሱ የመጣ ነው፤ ሐዲዱ ይደርስበታል ከተባለው ቦታ ሳይደርስ ቀርቷልና። ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ኢጣሊያኖች ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ አጭር ሐዲድ ዘረጉ (ዓመቶቹም ሆኑ ወሩና ቀኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ በ1911 አሥመራ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ደግሞ ቢሻ ገባ። የታሰበው በተሰነይ በኩል ከሱዳን ጋር እንዲገናኝ ነበር። ቢሻ ላይ በመቆሙ ግን ለድንበር ተሻጋሪ ንግድ የታለመው መስመር የቆላውን ፍራፍሬና ለልብስ ቁልፍ መሥሪያ የሚሆነውን የዱም ፍሬ ወደ ደጋ የሚያወጣ የአገር ውስጥ ባቡር ሆኖ ቀረ።

በ1941 የከረን ጦርነት ጊዜ ሐዲዱ ያልታሰበ አገልግሎት ሰጥቷል። ኢጣሊያኖች በዶንጎላስ ሸለቆ የሚያልፈውን መንገድ ድንጋይ ንደው ዘግተውት ስለነበር፣ በመጋቢት መጨረሻ በእንግሊዝ ሥር የሚዋጉ የሕንድ ክፍለ ጦር ወታደሮች በባቡሩ ዋሻ ውስጥ ካደፈጡ በኋላ ከዚያው ወጥተው ጥቃት ሰነዘሩ፤ ከተማዋም መጋቢት 27 ቀን ተያዘች። ዋሻው ከከረን በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ አባትዎ ከአሥመራ ከረን ብቻ ተመላልሰው ከሆነ አላለፉበትም። ከድሉ በኋላ እንግሊዞች ከአቆርዳት እስከ ቢሻ ያለውን ሐዲድ ነቃቅለው ወሰዱት፤ በእኛ ግምት የሱዳኑ ሐሳብ የሞተው ያን ጊዜ ነው።

ያም ሆኖ ባቡሩ ሥራ አልፈታም፤ በ1965 የኤርትራ ምድር ባቡር በጠቅላላው ግማሽ ሚሊዮን ያህል መንገደኞችና 200 ሺህ ቶን ጭነት አጓጉዟል። ነገር ግን በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት እያዘገመ የሚወጣ ባቡር ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ጋር መወዳደር ከብዶት ነበር። የነጻነት ጦርነቱ ሲባባስ በደርግ ዘመን፣ በ1975 ገደማ፣ አገልግሎቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ሐዲዱንና ሐዲዱ የሚያርፍበትን የብረት አግዳሚ እየነቀሉ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ አደረጉት፤ ብረቱ የአፈርና የድንጋይ ክምር ስለሚሸከም ለዚህ ተፈላጊ ነበር።

ከነጻነት በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ፣ በጡረታ ላይ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ጭምር ተጠርተው ከየምሽጉ የተሰበሰበውን ሐዲድ መልሰው በመዘርጋት በ2003 የምጽዋንና የአሥመራን 118 ኪሎ ሜትር መስመር አገናኙ። የምጽዋው መስመር ከወደብ ይነሣል፤ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚም አለው። ወደ ከረን የሚወስደው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ግን አዲስ ሐዲድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ መንገደኛው በአውቶቡስ መጓዝ ከለመደ ቆይቷል። የከረን ጣቢያ ሕንፃም ለአውቶቡስ መናኸሪያነት ውሏል።