የግቢ የፀሐይ መብራት ቶሎ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ በአትክልቴ መደብ ዳር የተከልኳቸው ስድስት አነስተኛ የፀሐይ መብራቶች በመጀመሪያው ዓመት እስከ እኩለ ሌሊት ያበሩ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አምስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ በደጃፉ መብራት አጠገብ ያለው ስድስተኛው ደግሞ ጨርሶ አይበራም። ሶላር ፓነላቸው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፓነሉን ለጊዜው አይጠርጥሩት። አምስት መብራቶች በአንድ ሰሞን ሲደክሙ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ነው። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 1.2 ቮልት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ቀን እየተሞላ ሌሊት ስለሚሟጠጥ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ኃይል የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። ለማረጋገጥ አንዱን ባትሪ አውጥተው ለዓይነቱ በተሠራ ቻርጀር ይሙሉትና ይመልሱት። ያን ሌሊት እንደ ቀድሞው ካበራ ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ ፀሐይ በበቂ አለማግኘቱ ነውና የፓነሉን አቧራ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አድጎ ጥላ የጣለበት ቅርንጫፍ እንዳለም ይመልከቱ። ሞልተውትም ቶሎ ከጠፋ ባትሪውን ይለውጡ።

ሲለውጡ ዓይነቱና ቮልቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ባለ 3.2 ቮልት የሊቲየም ባትሪ የሚጠቀሙ መብራቶች ስላሉ መጠኑ ገጥሞ መግባቱ ብቻ አያሳምንም። የማይሞላ ተራ ባትሪም አይክተቱ፤ ፓነሉ ሊሞላው ሲሞክር ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። ብዙዎች በ600 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ባትሪ ፋንታ የ2000 ገዝተው ሌሊቱን ሙሉ እንዲያበራ ይጠብቃሉ፤ ትንሿ ፓነል ግን በቀን የምትሰበስበው ያው የቀድሞውን ያህል ስለሆነ ትርፉ ወጪ ነው።

የስድስተኛው ጉዳይ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። በብዙዎቹ መብራቶች ጨለማን የሚለየው ራሱ ፓነሉ ስለሆነ፣ የደጃፉ ብርሃን ካረፈበት ገና ቀን ይመስለዋል። ፓነሉን በእጅዎ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት፤ ከበራ ከደጃፉ ማራቅ ብቻ ይበቃል። ካልበራ ማብሪያ ማጥፊያው መከፈቱን አይተው ባትሪውን ከሚበሩት ከአምስቱ ከአንዱ ጋር ይቀያይሩ፤ ባትሪው የሚነካቸው ብረቶች ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካበቀሉም በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፈግፍጓቸው። ውስጡ እርጥበት ካለ ባትሪውን አውጥተው ክፍቱን ያድርቁትና ውሃ የገባበትን ስንጥቅ በሲሊኮን ይድፈኑ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበራ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ሰርኪዩቱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ክዳኑንና እግሩን ለሌሎቹ መለዋወጫ ያስቀምጡት።