እንግዳ ሲመጣ ኦልድ ታውን ውሰዱት፤ ግን ከዱክ ስትሪት ጀምሩ

ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ ሐበሾች፣ በተለይ አሌክሳንድሪያ ዌስት ኤንድ ላላችሁት ነው የምጽፈው። ከአገር ቤት እናት ወይም አባት ይመጣሉ፣ ወይም ከሌላ ስቴት የዘመድ ልጆች ይመጣሉ። ምን እናሳያቸው ሲባል ዋይት ሀውስ አጥር ሥር ፎቶ፣ ሊንከን ደረጃ ላይ ፎቶ፣ ከዚያ በቀጥታ አውትሌት። ከቤታችሁ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ በ1749 የተቆረቆረ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የወደብ ከተማ፣ የዛሬው የአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን፣ እንዳለ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ኡበርና ታክሲ የምትነዱት ደግሞ ኪንግ ስትሪት ላይ ስንቱን ሰው አውርዳችኋል፣ እስቲ አንድ ቀን ራሳችሁ ውረዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦልድ ታውን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወንዙ ዳር ነው የሚጀምረው። አይስክሬም ይበላል፣ ጀልባ ያያል፣ ቀዩን የጡብ ቤት ፎቶ ያነሳል፣ ልጆቹ ደከመን ይላሉ፣ አለቀ። እኔ የምመክራችሁ በተቃራኒው ነው። ከላይ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጀምራችሁ መጀመሪያ ዱክ ስትሪትን እዩ፣ ወንዙን መጨረሻ ላይ። ወንዙ የትም አይሄድም። ዱክ ስትሪት ግን መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ሁሌም ይቀራል።

ዱክ ስትሪት ቁጥር 1315 ላይ ያለው ቤት ከሩቅ ምንም አይመስልም፣ እንደ ሌላው ያለ የከተማ ቤት ነው። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሁለት ሸሪኮች እዚህ ቢሮ ከፍተው ሰው ይሸጡ ነበር። በአገሪቱ ካሉት የባሪያ ነጋዴዎች ከትልልቆቹ መካከል ነበሩ። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እየገዙ በግቢው አጉረው ያቆዩና ግማሹን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ግማሹን በሰንሰለት አስረው በእግር ወደ ሚሲሲፒ ይነዱታል። እነሱ ሲለቁ ሌሎች ነጋዴዎች ተተኩ፣ ንግዱም የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀምሮ የሰሜኑ ጦር ከተማዋን እስከያዘበት እስከ 1861 ድረስ ቀጠለ። በጦርነቱ ዘመን የተነሳ ፎቶግራፍ አለ፣ እሱን ሳታዩ እንዳትወጡ። በቤቱ ፊት ላይ የነጋዴዎቹ ስምና «ባሪያ ነጋዴዎች» የሚል ጽሑፍ በትልልቁ ተጽፏል። ልክ የዱቄት መደብር ታፔላ ይመስል። የሚያስደነግጠውም እሱ ነው፣ ማንም የሚደብቀው ነገር አልነበረም። ከተማው ቤቱን በ2020 ገዝቶ በ2022 እንደገና በሙዚየምነት ከፍቶታል፣ ስሙም ፍሪደም ሀውስ ነው። በየቀኑ ስለማይከፍት ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ኢንተርኔት ላይ እዩ። የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ በሩ ላይ ተናገሩ፤ የከተማው ሙዚየሞች ለነዋሪ ነጻ ናቸው።

እዚያው ዱክ ስትሪት ላይ ትንሽ ከፍ ስትሉ ከድንጋይ ውስጥ የሚወጡ የሚመስሉ የሁለት ሴት ልጆች የነሐስ ሐውልት አለ። ሜሪና ኤሚሊ ኤድመንሰን ይባላሉ፣ እህትማማቾች ናቸው። በ1848 ከዲሲ 77 ሰዎች ፐርል በምትባል መርከብ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ከነሱ መካከል ነበሩ። ተይዘው እዚህ ሰፈር የባሪያ ነጋዴ እስር ቤት ውስጥ ተዘጉ። አባታቸው ነጻ ሰው ነበር፣ ልጆቹን ለማስለቀቅ ገንዘብ ሊለምን ኒው ዮርክ ድረስ ሄደ። የተጠየቀው ለሁለቱ 2,250 ዶላር ነው። አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ አዋጥተው ተለቀቁ። ለታዳጊ ልጆቻችሁ ይሄን እዚያው ሐውልቱ ሥር ቆማችሁ ንገሯቸው፣ ትምህርት ቤት ከሚሰሙት ይልቅ ይገባቸዋል። ልጆቹ በነሱ ዕድሜ ነበሩና።

ከዚህ በኋላ ወደ ታች ውረዱ። ከሜትሮው አጠገብ ኮረብታው ላይ የቆመው ትልቅ ግንብ የጆርጅ ዋሽንግተን የፍሪሜሰኖች መታሰቢያ ነው፣ ቅርጹ የተወሰደው ከጥንታዊቷ እስክንድርያ የመብራት ግንብ ነው። ፍሪሜሰን የሚል ስም ሲሰማ አማትቦ የሚመለስ ዘመድ መቼም አይጠፋም። አትከራከሩት፣ ውጭ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ይይ፣ እሱም ቢሆን ያምራል። ከሜትሮው እስከ ወንዙ ኪንግ ስትሪትን ይዞ የሚመላለስ ነጻ ትሮሊ አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት ካሉ በእግር ምን አስኬዳቸው። ዳሽ የሚባሉት የከተማው አውቶቡሶችም ከ2021 ጀምሮ ነጻ ናቸው፤ ስለዚህ መኪናችሁን ቤት ተዉት። ኦልድ ታውን ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞሩ የሚጠፋው ሰዓትና የሚለጠፈው የቅጣት ወረቀት የቀኑን ስሜት ያበላሻል።

ክራይስት ቸርች በ1773 ያለቀ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዛሬም ይቀደስበታል። እንግዶቻችሁ ውስጥ ገብተው መቀመጫዎቹን ልብ ብለው ይዩ። በር ያላቸው ሳጥን መሳይ ናቸው፣ ቤተሰብ በገንዘቡ ይገዛቸው ነበር፣ ጆርጅ ዋሽንግተንም የራሱ ነበረው። ጫማ ማውለቅ የለም፣ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ማርኬት ስኩዌር የገበሬ ገበያ አለ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ ገበያ ነው። ቲማቲሙን እየመረጣችሁ እዚህ አደባባይ ሰውም ለጨረታ ይቀርብ እንደነበር አስቡ። እዚያው አቅራቢያ ኪንግና ፌርፋክስ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ በ1899 ቤንጃሚን ቶማስ የተባለ ጥቁር ልጅ በደቦ ተሰቅሎ ተገድሏል። 16 ዓመቱ ነበር። ከገበያው አጠገብ ካርላይል ሀውስ አለ፣ የስኮትላንዱ ነጋዴ ጆን ካርላይል በ1753 የጨረሰው የድንጋይ ቤት። በ1755 የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ አምስት የቅኝ ግዛት ገዢዎችን ሰብስቦ በፈረንሳይ ላይ የሚዘምትበትን ዘመቻና ወጪውን የመከረው እዚህ ነው። የአትክልት ቦታው ለዕረፍት ጥሩ ነው። የድሮውን መጠጥ ቤት ጋድስቢስ ታቨርንን ጊዜ ካላችሁ እዩት፣ ከሌላችሁ ዝለሉት፣ ብዙ አይቆጭም።

የመድኃኒት ቤቱን ሙዚየም ግን እንዳትዘሉ። ስታብለር-ሊድቢተር ይባላል፣ በ1792 ተመሥርቶ እስከ 1933 የሠራ የአንድ ቤተሰብ ፋርማሲ ነው። ሲዘጋ እንዳለ ስለተዘጋ ጠርሙሱ፣ ሚዛኑ፣ ሙቀጫው ሁሉ በቦታው ነው። ላይኛው ክፍል ግድግዳው ሙሉ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያ ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ የሥሩ፣ የቅጠሉ፣ የሙጫው ስም ተጽፏል። አንዱ ላይ «የዘንዶ ደም» ይላል፣ ቀይ የዛፍ ሙጫ ነው እንጂ ደም አይደለም። ከአገር ቤት የመጣች እናት ከሁሉም በላይ የምትወደው ይሄን ቤት ነው፤ መርካቶ ቅመም ተራ የገባች ይመስል እያሸተተች ይሄ ለሆድ፣ ያ ለራስ ምታት ማለት ትጀምራለች። አስጎብኚው ሲያስረዳ ተርጉሙላት፣ አትስነፉ።

ለልጆች ደግሞ ኩዊን ስትሪት ላይ ያለው የእልህ ቤት አለላቸው። ሰማያዊ ነው፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከምናምን ብቻ። በ1830 ጆን ሆለንስበሪ የሚባል ሰው ከቤቱ አጠገብ ባለው ጠባብ መንገድ ጋሪ የሚነዱና የሚቆሙ ሰዎች ሲያስመርሩት መንገዱን በቤት ደፈነው። የጎረቤት ጠብ እስከዚህ ነው። ሰው ይኖርበታል፣ ፎቶ አንሱ እንጂ በር አታንኳኩ።

እግረ መንገዳችሁን እዚያው ኩዊን ስትሪት ላይ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ነሐሴ መሆኑ ነው፣ ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ተራ በተራ ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። መጽሐፍ አንስተው በየጠረጴዛው ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ፣ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ያደራጃቸው ሳሙኤል ታከር የተባለ ወጣት ጠበቃ ነው። ከተማው ካርድ ከመስጠት ይልቅ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ ሌላ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ያ ሕንፃ ዛሬ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው፣ ዊዝ ስትሪት (Wythe) ላይ። ልጆቻችሁ እስካሁን ካርድ ካላወጡ እዚያው ኩዊን ስትሪቱ ቤተ መጻሕፍት አውጡላቸው።

ፕሪንስ ስትሪት የወንዙ ጫፍ ላይ በድንጋይ የተነጠፈው ቁልቁለት ቆንጆ ፎቶ ይወጣበታል፣ ግን ሂል ጫማ የለበሰች ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። ከዚያ ወንዙ ነው። የቶርፒዶ ፋብሪካው ድሮ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ነበር፣ ከ1974 ጀምሮ ሠዓሊዎች ይሠሩበታል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ መጸዳጃ ቤትም አለው (ይሄን የሚነግራችሁ የለም)። ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት የኪንግ ስትሪት ታችኛው ጫፍ ውሃ ይተኛበታል፣ ሌላ ቀን ሂዱ።

የዋሽንግተንን መኖሪያ ማውንት ቨርነንን በዚሁ ቀን እጨምራለሁ እንዳትሉ። ለብቻው ቀን ይፈልጋል፣ ቲኬቱም ርካሽ አይደለም። ስትሄዱ ግን ቤቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሰውየው በ1799 ሲሞት ግቢው ውስጥ 317 ባሪያዎች ነበሩ፣ የተቀበሩበት ቦታና መታሰቢያቸው ከሱ መቃብር ብዙም አይርቅም።

ምሳ ኪንግ ስትሪት ላይ ስድስት ሰው ይዞ መግባት ኪስ ያራግፋል። ቤት ቁርስ በደንብ በልታችሁ ውጡ፣ ውሃና ብስኩት ያዙ፣ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ዌስት ኤንድ ተመለሱና ሐበሻ ምግብ ቤት ግቡ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ፣ ካልሆነ የፈለጋችሁትን። ሂሳቡን እንግዳው እንዳይከፍል ቀድማችሁ ካርዳችሁን ለአስተናጋጇ ስጡ።