ጥያቄና መልስ፦ ቻይና ለሻይዋ በምን ይከፈላት ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ። በተባባልነው መሠረት ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርዕሱ የቻይና የውጭ ንግድ በምን ገንዘብ ይካሄድ እንደነበር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፤ ቴል ሳንቲም አይደለም። የብር ክብደት መለኪያ ነው። ብር ስልም ማዕድኑን ወይም ከእሱ የተሠራውን ገንዘብ ነው፤ የዛሬውን የእኛን ብር አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሻይ ወዳድ፦ ጋሼ፣ የወረቀት ገንዘብ የጀመረች አገር እንዴት የሰው አገር ብር ፈላጊ ሆነች?

መልስ፦ ወረቀቱ ስለከሸፈ ነዋ። ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1375 የወረቀት ገንዘብ አወጣ። በብር የማይመነዘር ወረቀት ነው። እንዳሻው አተመው፤ ዋጋው ወደቀ፤ ሕዝቡም ፊቱን አዞረበት። ገበያው በራሱ ጊዜ ወደ ብር ሄደ። መንግሥትም ተከትሎ በ1500ዎቹ ግብሩን በብር መሰብሰብ ያዘ። ያን የሚያህል ሕዝብ ግብርህን በብር ክፈል ሲባል አስቡት። የአገሩ ማዕድን ከየት ይበቃል? ስለዚህ ብር ቻይና ውስጥ ተወደደ። በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ እጅ ወርቅ አውሮፓ ውስጥ ወደ 12 እጅ ብር ያወጣ ነበር፤ ቻይና ውስጥ ግን ወደ 6 እጅ። ነጋዴ ይህን አይቶ ዝም አይልም። መጀመሪያ ከጃፓን ጎረፈ። ስፔኖች የፊሊፒንስን ማኒላ በ1571 ከያዙ በኋላ ደግሞ ከሜክሲኮዋ አካፑልኮ ብር የጫኑ መርከቦች ይመጡ ጀመር። ይህ መስመር እስከ 1815 ቆየ። ቻይናውያን ነጋዴዎች ሐራቸውንና ሸክላቸውን ይዘው ማኒላ ላይ ይጠብቋቸው ነበር።

አዲስ ገቢ፦ 1 ቴል በዛሬ ገንዘብ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ የቱ ቴል? የትኛው ከተማ? የመንግሥት ግምጃ ቤቱ ቴል 37.3 ግራም ገደማ ነው። የጉምሩኩ ትንሽ ይከብዳል። የሻንጋዩ ሌላ ነው። ክብደት ነው ብያለሁ።

ሙዚየም ለሙዚየም፦ አንድ የድሮ የስፔን ብር አይቼ ነበር። የንጉሡ ፊት ላይ የቻይና ፊደላት ተመተውበታል። አበላሽተውት ነው?

መልስ፦ እሰይ! ይህን ነበር የምጠብቀው። አላበላሹትም፤ አረጋገጡት እንጂ። ከ1757 እስከ 1842 የአውሮፓ ነጋዴ በባሕር መጥቶ እንዲገበያይ የተፈቀደለት በካንቶን ብቻ ነበር፤ የዛሬዋ ጓንግዡ ማለት ነው። ሻይ ይፈልጋል፤ በምትኩ የሚሰጠውን ዕቃ ግን ቻይናውያን ብዙም አይፈልጉትም። ስለዚህ ብር ቆጥሮ ይከፍላል። ብሩ 27 ግራም የሚመዝነው የስፔን ጠገራ ነው፤ 0.72 ቴል ገደማ። ተቀባዩ የንጉሡን መልክ አይቶ ብቻ አያምንም። የንግድ ቤቶቹ ብር ፈታሽ ነበራቸው። ፈታሹ ጠገራውን በጣቱ ጫፍ ላይ አስቀምጦ በሌላ ብር ይመታዋል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ጠርዙን ያያል። ደህና ከሆነ የቤቱን ትንሽ ማህተም በመዶሻ ይመታበታል። ማህተሙ ይህን ብር እኔ አይቼዋለሁ፣ ችግር ካለው ወደ እኔ መልሱት ማለት ነው። ቀጣዩ ነጋዴም የራሱን ይመታል። ከዓመታት በኋላ የንጉሡ ፊት ይጠፋል፤ ብሩ ይጎደጉዳል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ሚዛን ላይ ወጥቶ በክብደቱ ይሸጣል። ማንም መንግሥት ያላዘዘው ዋስትና ነው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ ይሄ የእኛው የማርያ ቴሬዛ ነገር አይደል እንዴ?

መልስ፦ በሚገባ ይመሳሰላል። እቴጌዋ በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን በዚያው ዓመት ምልክት መታተሙን ቀጠለ፤ ምክንያቱም ገበያው የለመደው እሱን ነው። ቻይናም እንደዚያው። ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ወጥታ የንስር ምስል ያለበት ብር አወጣች። የብሩ መጠን ያው ነው። ሻንጋይ ግን እስከ 1850ዎቹ ድረስ የስፔኑ ንጉሥ የካርሎስ መልክ ያለበትን የድሮውን ብር በጭማሪ ዋጋ ትቀበል ነበር።

የሸዋ ልጅ፦ አያቴ ጋ ሁለት ማርያ ቴሬዛ አሉ። ስንት ያወጣሉ?

የመርካቶ ልጅ፦ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጠይቅ። ግን እንዳትሸጥ!

መልስ፦ ዋጋ አልገምትም። ወደ ቻይና እንመለስ።

ታዛቢ፦ በኋላ ብሩን መልሶ ከቻይና ያስወጣው እንግሊዞች የሚሸጡላት ሱስ አስያዥ ዕፅ፣ ኦፒየም ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

ሰነድ አገላባጭ፦ አላለቀም። በ1810 ሜክሲኮ ጦርነት ገብታ የማዕድን ምርቷ ወደቀ። ብር ከምንጩ ነው ያነሰው።

ታዛቢ፦ እንግሊዝን ነጻ ልታወጣት ነው?

ሰነድ አገላባጭ፦ ማን ነጻ አወጣት? ሙሉውን ታሪክ እንይ ነው ያልኩት።

መልስ፦ ተዉ እናንተ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን መጣ። ይልቅ ገበሬውን እዩት። እህሉን የሚሸጠው መሃሉ በተበሳ የመዳብ ሳንቲም ነው፤ ግብሩ የሚተመነው ግን በብር ነው። በደንቡ 1 ቴል ብር 1000 ሳንቲም ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ ከ2000 አለፈ። አንድም አዋጅ ሳይወጣ ግብሩ እጥፍ ሆነበት። የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ሊን ዜሹ በ1839 በካንቶን አቅራቢያ ሁመን ላይ ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ያስወገደው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት መጣ፤ ቻይና ተሸነፈች። በ1842ቱ የናንጂንግ ውል 21 ሚሊዮን ዶላር ተጫነባት፦ 6ቱ ለተወገደው ኦፒየም፣ 3ቱ ለካንቶን ነጋዴዎች ዕዳ፣ 12ቱ ለጦርነቱ ወጪ። የገዛ አገሯን ለመረዘ ዕቃ ካሳ ከፈለች። እዚህ ላይ ዶላር ሲባል የአሜሪካው አይምሰላችሁ፤ ያው የብር ጠገራው ነው።

ዱባይ ነኝ፦ ቦክሰሮች የተባሉት የውጭ ሰው ጠል አመፀኞች ከተሸነፉ በኋላ ቻይና ላይ የተጫነው የ1901ዱ ካሳስ?

መልስ፦ 450 ሚሊዮን የጉምሩክ ቴል፣ በ39 ዓመት የሚከፈል፣ 4 በመቶ ወለድ ያለው። ዕዳው በወርቅ ተመን ተቆለፈ። የብር ዋጋ ሲወርድ ቻይና ለዚያው ዕዳ ተጨማሪ ብር ማውጣት ነበረባት።

አስመጪ፦ ጋሼ፣ ከቻይና ዕቃ ላስመጣ ነው። ኤልሲ (ባንክ ዋስ የሚሆንበት ክፍያ) ይሻለኛል ወይስ ቲቲ (በባንክ በቀጥታ መላክ)?

መልስ፦ ይሄ የባንክህ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ ብሆን ለማላውቀው ፋብሪካ ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሜ አልልክም።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ ቴል የሚባለው ሳንቲም መቼ ቀረ?

መልስ፦ ሳንቲም አይደለም! ሦስተኛዬ ነው። በቴል መዋዋል በ1933 ቀረና ሁሉም በብር ዶላር ሆነ። እሱም ብዙ አልቆየም። በ1934 አሜሪካ ብር በገፍ እንዲገዛ ሕግ አወጣች። የብር ዋጋ ሲሰቀል የሻንጋይ ብር እየተጫነ ወጣ፤ ባንኮች ተጨነቁ፣ ብድር ጠፋ። በኖቬምበር 1935 መንግሥት ብርን ከገንዘብነት አውጥቶ ወረቀት አወጀ። ከሕዝቡና ከባንኮች ከሰበሰበው ብር ብዙውን ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ሸጠው፤ በምትኩ ያገኘውን ዶላር የአዲሱ ወረቀት መጠባበቂያ አደረገው።