የእናቴ አርባ ሳይወጣ ወደ ውጭ አገር ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እናቴ ካረፈች ገና ጥቂት ሳምንት ነው። እሷ በሕይወት እያለች የጀመርኩት የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ተሳክቶ መሄጃዬ ደርሷል። ቀኑ ግን ከአርባዋ በፊት ዋለ። እንድማርላት በጣም ትፈልግ ነበር። ዘመዶቼ «የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ እንዴት ትሄጃለሽ?» ይሉኛል። ብሄድ እሷን መናቅ ይሆንብኛል? እዚያ ሆኜስ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

መልሱን አላቆይብሽ፤ መሄድሽ ኃጢአት አይደለም። አርባ እስኪወጣ ልጅ ከቤት እንዳይርቅ የሚያዝ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም። ዘመዶችሽን ግን አትቀየሚያቸው። እነሱም ልባቸው ተሰብሯል፤ በዚህ ላይ አንቺም ስትርቂ ይከብዳቸዋል። ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያቸውና ተመርቀሽ ሂጂ።

እስኪ መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢ። ለአንቺ ጉዳይ ከእሱ የቀረበ አላገኘሁም። ጦቢት የሚሞት መስሎት ልጁን ጦብያን ጠርቶ ይመክረዋል፤ ምዕራፍ 4 ላይ ነው። እናትህን በሕይወቷ ዘመን ሁሉ አክብር፣ ስትሞትም ከእኔ መቃብር ቅበራት ይለዋል። በዚያው ምክር ምጽዋትን አጥብቆ ያዝዘዋል። ከዚያ ደግሞ ይህንኑ ልጅ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ሜዶን ይልከዋል። እናቱ ሐና አለቀሰች፤ ልጁ ግን ብቻውን አልሄደም፣ ቅዱስ ሩፋኤል አብሮት ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ሐና ስታርፍ ጦብያ ቀድሞ ባረፈው በአባቱ አጠገብ ቀበራት፤ ከዚያም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሜዶን ሄደ። መጽሐፉ በዚህ አልወቀሰውም። ሊያደርግላት የሚገባውን አድርጎ ነው የወጣው።

ዮሴፍም እንዲሁ ነው። አባቱን ያዕቆብን ሊቀብር ከፈርዖን አስፈቅዶ ወደ ከነዓን ወጣ፣ 7 ቀን አለቀሰለት፣ ቀብሮትም ወደ ግብፅ ሥራው ተመለሰ (ዘፍ. 50)።

ለእናትሽ የሚገባት ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ጸሎት። ቤተ ክርስቲያናችን ያረፉትን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ በ6 ወርና በሙት ዓመት ታስባለች። በእነዚህ ቀናት ጸሎተ ፍትሐቱን የሚያደርሱት ካህናት ናቸው። አንቺ በአካል ስላልተገኘሽ ጸሎቱ አይጎድልም። ስለዚህ የእናትሽን የክርስትና ስም ለንስሐ አባቷ ወይም ለአጥቢያዋ ካህናት በጽሑፍ ሰጥተሽ ሂጂ። ቀኖቹን የሚከታተል አንድ የቅርብ ሰውም ቤት ውስጥ ይኑር፤ ወንድም ወይም አክስት ቢሆን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ምጽዋት ነው። ብዙ ሰው ስለ ተዝካር ሲያስብ የሚጨነቀው ስለ ድግሱ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ተበድሮ መደገስ ለነፍሷ አይጠቅማትም። የምትችዪውን ያህል ለነዳያን ይሰጥ። እዚያ ሆነሽም በስሟ ለተቸገረ ሰው መስጠት ትችያለሽ፤ እግዚአብሔር በዚያም አለ።

ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። እናትሽ ያልከፈለችው ዕዳ አለ? ተስላ ያላደረሰችው ስእለትስ? ተቀያይማ ሳትታረቅ የቀረችው ሰው ካለስ? ከመሄድሽ በፊት ቤተሰቡን ጠይቂ። ዕዳዋን ክፈዪላት፣ ስእለቷን አድርሺላት፣ ያን ሰው ሄደሽ «ስለ እናቴ ይቅር በሉልኝ» በዪው። እኔ ይህን ከማንኛውም የመታሰቢያ ድግስ አስበልጠዋለሁ።

ስለ ራስሽም ልጨምር። ንስሐ ገብተሽ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለሽ ውጪ። እዚያ ስትደርሺ ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። የእኛ ከሌለ በእምነት አንድ የሆኑን እኅት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድ። ወደ እነሱ ስለ መሄድ ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ።

በአርባዋ ቀን ከቅዳሴ ካልደረስሽ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ፣ ከዳዊት የምትችዪውን አድርሺ፣ ስሟን ጠርተሽ ጸልዪላት። እንባ ቢመጣብሽ አልቅሺ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው የነገራቸው፤ ከናካቴው አትዘኑ አላለም።

አንድ ቀን ደግሞ ከጓደኞችሽ ጋር ስትስቂ በድንገት እሷ ትዝ ትልሽና «እንዴት እስቃለሁ?» ብለሽ ትደነግጪ ይሆናል። ይህ በብዙ ሐዘንተኛ ላይ የሚደርስ ነው። መሳቅሽ ክህደት አይደለም። ይስሐቅ እንኳ ከእናቱ ከሣራ ሞት በኋላ ርብቃን አግብቶ መጽናናቱን መጽሐፍ ጽፎልናል (ዘፍ. 24፥67)።

ጥቁር ልብሱን አዲስ አገር ላይ እስከ መቼ እንደምትለብሺ ሃይማኖት አያስገድድሽም፤ ከቤተሰብሽ ጋር ተማከሪበት። ፎቶዋን ክፍልሽ ውስጥ መስቀልም ነውር የለበትም። የጸሎት ቦታሽ ላይ ግን የጌታንና የእመቤታችንን ሥዕል አድርጊ፣ የእሷን ፎቶ ለብቻው በሌላ በኩል ስቀዪው።